ዓባይን የጻፉ ሰዎች፤ ስለ ዓባይ ዳር አገር ልማድና ስለ አጻጻፉ የቀረበ ሒስ

ስለ ዓባይ የተጻፈውን ሁሉ ሰብስቦ ለማንበብ የተነሣ ተማሪ መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የመጽሐፍ ማነስ ሳይሆን የመጽሐፍ መብዛት ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞች ጽፈዋል፤ እስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጽፏል፤ የእንግሊዝ ቆንሲል ጽፏል፤ መሐንዲሶችም ውኃውን ሰፍረው ደለሉን መዝነው ጽፈዋል። በአገራችንም ተረትና ምሳሌው፥ ግጥሙና ዘፈኑ ከቍጥር በላይ ነው። ነገር ግን ይኸን ሁሉ አንብበን «ከዓባይ ዳር የሚኖረው ሰው ስለ ወንዙ ምን ይላል? በወንዙስ ምን ይሠራበታል?» ብለን ብንጠይቅ በእጃችን የሚቀረው እጅግ ጥቂት ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱን ለመመርመር የቀረበ ነው። ሚዛናችንም አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ጸሓፊው የወንዙን ሰው ባገኘው ጊዜ ምን ጠየቀው፥ የተመለሰለትንስ መልስ ምን አደረገው የሚል ነው። የዓመቱ ቍጥር ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን፤ የበዓሉን ቀን ግን እንደ አገራችን ትተነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መነሣት ያለበት ጄምስ ብሩስ ነው። ይህ ሰው ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ከግሽ ደረሰ፤ የጉዞውንም ታሪክ በ1790 በአምስት ቅጽ አሳተመ። ከእርሱ በፊት በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ይኸንኑ ምንጭ አይቶ፥ ቂሮስና እስክንድር ተመኝተው ያላዩትን እኔ አየሁ ብሎ ጽፎ ነበር። ብሩስ ይህን ባነበበ ጊዜ ፓኤዝ ከምንጩ አልደረሰም ብሎ ተከራከረ። ዛሬ ፓኤዝ መድረሱን የሚጠራጠር የለም። ክርክሩ ግን ባዕዳኑን ብዙ ቀለም አስጨርሷቸዋል፤ በእኛም ዘንድ «የዓባይን ምንጭ ያገኘው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከትምህርት ቤት ፈተና ላይ እስከ መግባት ደርሷል። ከምንጩ አጠገብ ከብቱን የሚያጠጣ እረኛ ይህን ጥያቄ ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ሆኖም ብሩስን በዚህ ብቻ አውግዞ ማለፍ ትክክል አይደለም። ደግና ክፉው በአንድ ገጽ ላይ የሚገናኝበት ጸሓፊ ነውና ረጋ ብለን እንየው። ከምንጩ ሊደርስ ሲል የአገሩ ሰዎች ጫማውን እንዲያወልቅ አስገደዱት፤ እርሱም ጫማውን ጥሎ ቍልቍለቱን ሮጠ፤ በመንገድም ወደቀ። ይህን ሳይደብቅ ጽፎታል። ከዚያ በኋላ ግን ከምንጩ ውኃ ቀድቶ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጣ። ሁለቱን ነገሮች ጐን ለጐን አድርጎ የሚያነብ ሰው የመጽሐፉን ጠባይ ያገኘዋል። የአገሩ ሰው «ይህ የተቀደሰ ቦታ ነው፥ ጫማህን አውልቅ» ሲለው ሰማ፤ ታዘዘም። ነገር ግን «ለምን?» ብሎ የጠየቀው የድሉን ጽዋ ካነሣ በኋላ ነው።

ከጠየቀ በኋላ ያገኘው መልስ ግን ዛሬ ለእኛ ከድሉ ይልቅ ይበልጥብናል። የምንጩ ካህን ዕድሜው የገፋ የአገው ሽማግሌ ነበረ፤ ስሙም ክፍለ ዓባይ ይባል ነበር። በየዓመቱ በምንጩ ላይ ጊደር እንደሚታረድ፥ የአገው ነገዶች ሥጋውን በዚያው ተከፋፍለው እንደሚበሉ፥ ወንዙንም በአባትነትና በሰላም ስም እየጠሩ እንደሚለምኑት ብሩስ ጽፏል። ይህን የመሰለ ዝርዝር ከዚያ ዘመን ሌላ ማን አቈየልን? ስለዚህ ምስጋናው አይቀርበትም። ስሙን ግን «የወንዙ አገልጋይ» ብሎ ተረጐመው። ግዕዝ የቀመሰ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው አገልጋይን የሚያመለክተው ገብረ ነው፤ ክፍለ ግን ዕጣ፥ ፈንታ፥ ድርሻ ማለት ነው። ገብረ ማርያም የሚታዘዝ ነው፤ ክፍለ ማርያም ግን የተሰጠ፥ የደረሰ ነው። እንግዲህ ክፍለ ዓባይ ወንዙን የሚያገለግል ሎሌ ሳይሆን ለወንዙ በዕጣ የደረሰ ሰው ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ከዚህም ሌላ የአገው እምነት ካህን የግዕዝ ስም መያዙ፥ በአቅራቢያውም የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን መኖሩ፥ ሁለቱ ሥርዐቶች በአንድ ኰረብታ ላይ እንዴት ተጐራብተው እንደ ኖሩ ያሳያል። ብሩስ አንዱን ጣዖት አምልኮ፥ አንዱን ክርስትና ብሎ ለያይቶ አለፈው። በመካከላቸው ያለውን ነገር የሚመረምር ሰው እስከ ዛሬ እየተጠበቀ ነው።

አንድ ነገር ጨምረን ከብሩስ እንሰናበት። አብሮት የነበረውን ኢጣልያዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን ወደ ግሽ ከመሄዳችን በፊት ሞቶ ነበር ብሎ ከታሪኩ አስወጥቶታል። ባሉጋኒ ግን አብሮት እስከ ምንጩ እንደ ሄደ፥ የሞተውም ከዚያ በኋላ በጐንደር እንደ ሆነ የራሱ የጉዞ ማስታወሻ ይመሰክራል። ከጐኑ የቆመውን ጓደኛውን ከገጽ ላይ የፋቀ ሰው፥ ቋንቋውን በወጉ የማያውቀውን ሽማግሌ በስሙ መጻፉ ራሱ የሚያስደንቅ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን በአጭሩ እንለፋቸው። ዤሮኒሞ ሎቦ በ1625 ገብቶ እስከ 1634 የቈየ ፖርቱጋላዊ ነው፤ የእርሱን የጉዞ መጽሐፍ ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ በ1759ም ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያያት ስለ ሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ ጻፈ። ይህ የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ነውና ለባለቤቶቹ እንተወው። አለን ሙርሄድ በ1962 ያወጣው «ሰማያዊው ዓባይ» ግን በእኛም ተማሪዎች እጅ ብዙ የሚዞር መጽሐፍ ስለ ሆነ አንድ ቃል ይገባዋል። አጻጻፉ ያምራል፤ ሰው ሳይሰለች ያነበዋል። አከፋፈሉን ግን ተመልከቱ፤ መጀመሪያ የብሩስ ጉዞ፥ ቀጥሎ ናፖሌዎን በግብፅ፥ ከዚያ የመሐመድ ዓሊ ጦር በሱዳን፥ በመጨረሻም በ1868 የእንግሊዝ ጦር በመቅደላ። አራቱም ክፍል የሚጀምረው አንድ ሰው ከውጭ ሲመጣ ነው። በወንዙ ስም የተሰየመ መጽሐፍ ከወንዙ የሚነሣ አንድ ክፍል እንኳ የለውም።

ከባዕዳኑ ሁሉ የምንመርጠው ማን ነው ብንባል ቺዝማን ነው። ሻለቃ ቺዝማን ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 ታተመ። ለዓመታት በበቅሎና በእግር የወንዙን ጠመዝማዛ እየተከተለ ካርታ አነሣ፤ የጣናንም ደሴቶች አንድ በአንድ እየዞረ የገዳማቱን ስም፥ የታቦታቱን ስም፥ መነኰሳቱ የሚተርኩትን ታሪክ መዘገበ። ካህኑን የሚያስወራው እንደ ጐረቤት እንጂ እንደ መንገደኛ አይደለም፤ ብዙ ዓመት ከቈየ ሰው ይህ የሚጠበቅ ነው። ጕድለቱ ከጣና ወጥቶ ወደ ቆላው ሲወርድ ይታያል። በደጋው ስመ ጥምቀቱን እየጠየቀ የጻፈው ጸሓፊ፥ በቆላው የጉሙዝን ሕዝብ እንደ ዘመኑ ልማድ በንቀት ስም በጅምላ ጠርቶ ያልፈዋል። ይህ ግን የቺዝማን ብቻ በደል አይደለም፤ ስሙን ከደጋው ሰው አፍ ነው የተቀበለው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ሒስ ባዕድን ብቻ ሲነካ ጣዕም የለውምና።

በእኛ ዘንድ ዓባይ የሚታወቀው በወቀሳ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንላለን፤ «ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ሐሰተኛ ማለት የሆነው «አባይ» ከወንዙ ስም ጋር በጆሮ አንድ በመሆኑም ቅኔኛ ሁሉ ሰሙንና ወርቁን ከዚያው ይቈፍራል። ሌላው ደግሞ ስሙን ከግዕዙ «ዐቢይ» አምጥቶ ታላቅነቱን ያወሳል፤ ነገር ግን ከታላቅነቱ ይልቅ ከዳተኛነቱ ለዘፈን ይመቻል። አፈራችንን ይዞ የሚሄድ፥ አገሩን የማያውቅ፥ ለባዕድ የሚያድር እየተባለ ሲዘፈንበት ብዙ ዘመን ሆኗል።

ይህ ወቀሳ መሠረት የለውም አንልም። የተራበ ገበሬ ከእግሩ ሥር ውኃ ሲያልፍ እያየ ቢያዝን እውነቱን ነው። ወንዙ ከጥልቅ ገደል በታች ስለሚሄድ ከላይ ያለው ማሳ አይጠጣውም፤ በክረምትም ሲሞላ ጐጃምን ከሸዋ ይቈርጠው ነበር። ድልድይ ሳይኖር በፊት በመልካው የሚሻገረው ሰው ነፋ ያለ ስልቻ ታቅፎ፥ ዋናተኛ ተከራይቶ፥ ነፍሱን ለአምላኩ ሰጥቶ ነው። የእኛ ተቃውሞ ወዲህ ነው፤ ይህን ወቀሳ የጥናት ጸሓፊዎች ሁሉ «የሕዝቡ ድምፅ» እያሉ ይጠቅሱታል። የትኛው ሕዝብ? የወቀሳው ድምፅ ወንዙን ከሩቅ ሆኖ የሚያስበው፥ ወይም ሊሻገረው የመጣው ሰው ድምፅ ነው። ከምንጩ ላይ የተቀመጠው፥ ከሐይቁም ላይ የሚኖረው ሰው የሚተርከው ታሪክ ከዚህ የተለየ ብቻ ሳይሆን ተቃራኒ ነው።

ይህ የምንለው በግሽ የሚተረከው የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ታሪክ ነው። ጻድቁ በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ አካባቢ እንደ ነበሩ ይነገራል፤ በዓላቸውም ጥር 13 ቀን በሰከላ ሲከበር ከየአገሩ ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ከምንጩ ይጠመቃል፤ ጠበሉንም ለቤቱ ሰው ቀድቶ ይመለሳል። እንደሚተረከው ጻድቁ በንጉሥ ጭፍሮች ተይዘው በሚሄዱበት ጊዜ ሰባት መጻሕፍታቸውን የሚያስቀምጡበት ታማኝ ሰው አጡ። ስለዚህ ለወንዙ አደራ ሰጡት። ከዓመታት በኋላ ከእስራት ተፈትተው ሲመለሱ ከምንጩ ዳር ቆመው አደራቸውን ጠየቁ፤ ወንዙም መጻሕፍቱን አንድ ጠብታ ውኃ ሳይነካቸው መለሰ።

ይህ ታሪክ ስለ ጻድቁ ቅድስና የተነገረ ተአምር ነው፤ ስለ ወንዙ ጠባይ ምን ያስረዳል? የሚል ይኖራል። እኛም ገድልን እንደ ታሪክ ማስረጃ አናቀርብም። ነገር ግን ተአምር የሚነገረው ሰሚው በሚያውቀው ነገር ነው። ብራና ከውኃ የባሰ ጠላት የለውም፤ ይህን ደብተራም ገበሬም ያውቃል። ከሰው ሁሉ ይልቅ ብራናን ለውኃ አደራ መስጠት፥ ውኃውም አደራውን መጠበቁ፥ ማለት የተፈለገውን ነገር በትልቁ ይናገራል፤ ሰው ይከዳል፥ ዓባይ አይከዳም። አዲስ አበባ ላይ ከዳተኛ ተብሎ የሚዘፈንበት ወንዝ በተወለደበት መንደር የአደራ ጠባቂ ነው። እስከ ዛሬ እነዚህን ሁለት ነገሮች አጋጥሞ የመረመረ ጽሑፍ አላየንም፤ የምንጩን ታሪክ የሚጠቅሱት ለመንፈሳዊ ትምህርት፥ ወቀሳውን የሚጠቅሱት ለፖለቲካ ነውና ሁለቱ አንባቢዎች አይገናኙም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም አነጋገር አለ። ከግሽ የሚወርደው ውኃ ግልገል ዓባይ ይባላል፤ በደቡብ በኩል ጣና ይገባል። ትልቁ ዓባይ ደግሞ ከባሕር ዳር አጠገብ ከሐይቁ ይወጣል። የአገሩ ሰው ግልገሉ ሐይቁን ሰንጥቆ ከውኃው ሳይቀላቀል ያልፋል ይላል፤ የጥንት መንገደኞችም ይኸንኑ ሰምተው ጽፈዋል። የውኃ ሊቅ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ሊቁ እንደሚለው ከጣና የሚወጣው ውኃ ዓባይ ከሱዳን ድንበር ሲደርስ ከሚኖረው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ከበሽሎ፥ ከጀማ፥ ከጉደር፥ ከፊንጫ፥ ከዴዴሳ፥ ከዳቡስና ከሌሎቹ ገባሮች የሚመጣ ነው። ሊቁ ስለ ውኃው ትክክል ነው። የአገሩ ሰው የሚናገረው ግን ስለ ውኃው ብዛት አይደለም። የተሰጠውን መጽሐፍ ያላረጠበው ወንዝ ራሱንም ሐይቅ ውስጥ አይጥልም ማለቱ ነው። ሁለቱ ትረካዎች የአንድ አሳብ ልጆች መሆናቸውን ማየት የሒስ ሥራ እንጂ የሃይድሮሎጂ ሥራ አይደለም።

የአደራውን ነገር ከተረት ውጭ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ወደ ጣና ደሴቶች ይሂድ። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታትን አስከሬን እስከ ዛሬ ይጠብቃል፤ ጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ያረፈችበት ነው ብሎ ያምናል፤ ክብራን ገብርኤልና ሌሎቹም መጻሕፍት ቤታቸውን በጦርነት ዘመን ሁሉ አቈይተዋል። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1968 መጥቶ የደሴቶቹን ብራናዎች ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ካታሎጋቸውን በኋላ ሲያወጣ የዓለም ሊቃውንት ተደነቁ። ውኃው ዘራፊውን ከልክሎ መጽሐፉን ጠብቋል። እንግዲህ የዘርዐ ብሩክ ታሪክ በዚህ አገር ሰው ጆሮ እንግዳ ሆኖ አልተሰማም ብንል አናጋንንም።

ይህን ጥያቄ ዛሬ ማንሣት ለምን አስፈለገ ለሚለን ሰው መልሳችን የሚከተለው ነው። በኤፕሪል 2011 መሠረቱ የተጣለው የሕዳሴ ግድብ በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል። ወንዙ ማደሪያ አገኘ፤ ግንዱንም ከጉባ ላይ አስቀመጠ። ያን ያህል ዘመን የዘፈንነው ወቀሳ ከእግሩ ሥር መሬቱ ተወሰደበት ማለት ነው። ገና ከወዲሁ የምናነበው አዲሱ የዓባይ ጽሑፍ ወቀሳውን በውዳሴ ለውጦ የቀረውን እንዳለ የተወ ነው፤ ትናንት ከዳተኛ፥ ዛሬ ጀግና። የወንዙ ሰው በአንዱም ውስጥ አልገባም። ዓባይን የሚጽፉት ከግሽ ተነሥተው ጢስ ዓባይ ላይ ፎቶግራፍ አንሥተው በአንድ ዝላይ ጉባ ይወርዳሉ። በመካከሉ ያለው ጉሙዝ፥ በመቈፈሪያ የሚያርሰው፥ ሴቶቹ ከወንዙ አሸዋ ወርቅ የሚያጥቡት፥ እኅትን በእኅት ለውጦ የሚጋባው ሕዝብ፥ በዚህ አጻጻፍ ውስጥ አንድ መስመር አያገኝም። ከግድቡ የተነሣ ከወንዙ ዳር ተነሥተው ሌላ ቦታ የሰፈሩት ግን በብዛት እነርሱ ናቸው። ወርቅ የሚታጠብበት አሸዋ ከውኃ በታች ሲሆን ስለዚያ ሥራ የሚያውቁት ነገር ሁሉ ከማን ጋር ይቀራል?

ስለ ጢስ ዓባይም ቢሆን የተጻፈው መጽሔት ሁሉ ያረጀ ፎቶግራፍ ይዞ ነው የሚናገረው። በ1996 ጫራ ጫራ ላይ ውኃው መቈጣጠሪያ ከተበጀለት፥ በ2010ም የጣና በለስ ዋሻ ውኃውን ከሐይቁ በሌላ በኩል መውሰድ ከጀመረ ወዲህ ፏፏቴው በበጋ የድሮውን ጢስ አያጤስም። ኤሌክትሪክ አያስፈልግም ብሎ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ስሙን ከጢሱ ያገኘ ቦታ ጢሱ ሲያንስበት የአገሩ ሰው ምን አለ? ይህን ጠይቆ የጻፈ አላገኘንም።

ወደ ሐይቁ እንመለስና ጽሑፋችንን በታንኳው እንጨርስ፤ ከሁሉ ይልቅ በጥቂቱ የተጻፈለት እርሱ ነውና። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ፥ በፀሓይ ደርቆ፥ እየተነባበረ በልጥ ይታሰራል፤ ጫፉ ወደ ላይ ይመለሳል። ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ እንዲህም ሆኖ ዕድሜው ወራት እንጂ ዓመታት አይደለም። ስለዚህ ታንኳ የሚባለው ነገር ዕቃው ሳይሆን ሠሪው ነው ማለት ይቻላል፤ ዕቃው ይበሰብሳል፥ እጁ ግን ካልተቋረጠ እንደገና ይሠራል። በ1969 ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌጃዊ በደንገል ጀልባ አትላንቲክን እሻገራለሁ ብሎ ሲነሣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው፤ የሠሩለት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ስለ ጀልባይቱ በብዙ ቋንቋ ተጽፏል። ከጣና ዳር ደንገሉን ያጨዱት ሰዎች ስም ግን ዓለም አላወቀውም።

የታንኳው ዋና ባለሙያ ወይጦ ነው። ወይጦዎች ደንገል ያጭዳሉ፥ ታንኳ ያስራሉ፥ ዓሣ ያጠምዳሉ፥ የወፍጮ ድንጋይ ጠርበው ይሸጣሉ፤ ቀድሞም ጉማሬ ያድኑ ነበር። እስላም ነን ሲሉ ጐረቤቱ እስላም፥ ጉማሬ ትበላላችሁ ብሎ አልቀበል አላቸው፤ ክርስቲያኑም ከማዕዱ አራቃቸው። ስለ እነርሱ የተጻፈውን ሁሉ በአንድ ቁጭታ ማንበብ ይቻላል።

የእነርሱ ነገር ከላይ ያነሣነውን ሚዛን ከሁሉ ይልቅ ግልጥ ያደርገዋል። ብሩስ በአገራችን ሳለ ወይጦዎች በሐበሻ ካለው ቋንቋ ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ሰማ። ይህን ለማወቅ ጓጕቶ ንጉሡን ለመነ፤ ሁለት ወይጦዎች ተይዘው ቀረቡለት። የጠየቃቸውን ሁሉ አልመለሱም፤ እንሰቅላችኋለን ተብለው ሲፈራሩ እንኳ አልተናገሩም። ብሩስ ይህን የጻፈው ሰዎቹ ምንም እንዳልጠቀሙት ለማስረዳት ነው። እኛ ስናነበው የሚታየን ሌላ ነው፤ በገመድ ፊት የቀረበ ጥያቄ ዝምታን እንጂ መልስን አያመጣም። ታንኳው ላይ ተቀምጦ ደንገሉን እያሳየ «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ቢላቸው ኖሮ ምናልባት ዛሬ በእጃችን መዝገበ ቃላት ይኖር ነበር።

ከእርሱ በኋላ ጥያቄው ለብዙ ዘመን ሳይነሣ ቀረ። ኦይገን ሚትቮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1907 ሲጽፍ ወይጦዎች ሁሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነዋል። አንድ መቶ አርባ በሚጠጋ ዓመት ውስጥ አንድ ቋንቋ ከጣና ዳር ጠፋ፤ መቼና ከማን አፍ ላይ እንደ ጠፋ የሚያውቅ የለም። በ1928 ማርሴል ግሪዮል በዚያ ሲያልፍ አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋቸው ዘፈነለት። ዘፋኙ የሚዘፍነውን ራሱ አያውቀውም ነበር፤ የሚያውቀው ከጉማሬ ብልቶች የአንዳንዶቹን ስም ብቻ ነው፤ እነዚያ ስሞች ሥራው ሳይጠፋ አብረው ቈይተዋልና። ግሪዮል ይህን ሁሉ ጽፏል። የዘፈኑን ቃል ግን አልጻፈውም።

በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ የሠርጉን፥ የለቅሶውን፥ የእርሻውን ልማድ እየጠየቁ ጽፈው ይመጡ ነበር። ዘንድሮ ወደ ጣና ዳር የሚወርድ ተማሪ ቢኖር ስለ ፏፏቴውና ስለ ግድቡ ለጊዜው ይተውና፥ ከአንድ አረጋዊ የወይጦ አዳኝ ዘንድ ተቀምጦ የጉማሬን ብልት ከራሱ እስከ ጅራቱ እያንዳንዱን በስሙ ያስቈጥርልን፤ የሚሰማውንም ድምፁን ሳይለውጥ ይጻፈው።